ግራ ያወጣ አይጠራም

ልጄ ዶክተር ልሆን ነው ስትለኝ ወገቤን ላሳያት ተዘጋጅቼ ነበር። የምትማረው ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት መሆኑ ሲገባኝ ሳቅኩባት።

«ይህን ሁሉ ተምረሽ፣ ዞረሽ አንደኛ ክፍል ልትገቢ?»

«አዎ እማዬ። ነይና አብረን እንግባ፤ ሕፃን ልጄንም ትይዥልኛለሽ።»

መንገድ ካሉኝ ነጠላዬ ቅርብ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከአዳማ ሻሸመኔ ስመላለስ ከሚኒባስ ታፔላ ላይ ነው።

ጭንቋ ይህ ነው። መቂ ከተማ አንድ አንደኛ ክፍል እየገባች፣ ልጆቹን ሒሳብ የቱ ጋ እንደሚከብዳቸው ታያለች። ግን አስተማሪው በጠየቀ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፤ የተጠራውም ሁሉ ይመልሳል። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ደግሞ «ሁሉም ካወቀ ምኑን ታጠኛለሽ? ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ብሏታል። የለፋችበትን ጥላ እንደ አዲስ ልትጀምር ነው።

ገባን። ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ከማጠሩ ጉልበቴ አገጬን ሊነካኝ።

«ስምንት ቲማቲም ላይ አምስት ብንጨምርስ?» አለ አስተማሪው።

እጅ ሁሉ ወጣ። እኔም ምን አንሼ ብዬ አወጣሁ። በቀኜ ሕፃኑን አቅፌ ስለነበር ግራዬን ነው። አስተማሪው እንዳላየ አለፈኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በኦሮምኛ አንሾካሾከችልኝ።

«አኮ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «እርስዎም አያውቁትም?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ግራዎን አወጡ። እንግዳ ሲመጣ ያወቀ ቀኙን፣ ያላወቀ ግራውን ነው። ግራ ያወጣ አይጠራም።»

ቀና ብዬ ባይ ክፍሉ ግራ በግራ ነው። ሳቄ ሕፃኑን ቀሰቀሰው።

በእረፍት ለልጄ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ።

«ብጽፈው አስተማሪው ይባረራል። ባልጽፈው እኔ ቀረሁ።»

አስተማሪውን ጠራሁት። «የኔ ልጅ፣ ግራ እጃችን ደከመ» አልኩት።

መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ምን ላድርግ እማማ፣ ሰው ፊት ያላወቀ ልጅ ሲያፍር አልወድም። እናንተም እንግዳ ናችሁ ብዬ ነው።»

«ልጃችን ወንበርህ ላይ ሸንቷል። ከዚህ በኋላ ምን እንግድነት አለ?»

ከእረፍት ሲመለሱ «እነዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ያወቀ ብቻ ያውጣ» አላቸው። ያንኑ ቲማቲም ደገመው። ከፊት ጥቂት እጆች ወጡ፤ ሌላው ጭጭ። ልጆች አለማወቃቸውን አይቶ እንደ ልጄ የተደሰተ ሰው አላየሁም። መጥታ አጠገቤ ያለችው ልጅ ፊት ቁጢጥ አለች።

«የቱ ጋ ከበደሽ?»

ልጅቷ ሁለት እጇን ዘረጋች። «እዚህ ጋ ጣቴ አለቀብኝ።»

«እማዬ፣ ርዕሴን አልቀይርም» አለችኝ ልጄ፣ ዓይኗን ከትንንሾቹ ጣቶች ሳትነቅል።

ቀኝ ክንዴ ግን ደንዝዟል። ሕፃኑን የሚቀበለኝ ፈልጌ እጄን አወጣሁ። ግራዬን ነበርና ማንም አልጠራኝም።