ድምፅ ማጥፊያዋ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ግማሹን አስቀርቻለሁ። ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ንፋስ መውጫ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ከተመረቅሁ አራት ዓመት ወንድሜ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም እዚሁ ነሽ?» እያለች ነበር የምትቀሰቅሰኝ።

ለተግባር ፈተናው የደረስነው ሦስት ነን። አንዱ ከስማዳ የመጣ አዲሱ የሚባል ዓይነ ስውር ነው። ቁልፎቹን ዳስሶ ይጽፋል፤ የጻፈውን ደግሞ ከፍላሹ የጫነው ፕሮግራም በጆሮ ማዳመጫ ያነብለታል። አጠገቤ ነው የተቀመጠው፤ ሰላም ተባብለናል። ለመለማመጃ አምስት ደቂቃ ሲሰጡን እጁን አየሁት። እኔ ሁለት ቃል ስጽፍ እሱ መስመር ይጨርሳል። ሥራው የሱ መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ፤ ጠላሁትም።

ላፕቶፖቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው። ከቁጥሮቹ በላይ ያለው ረድፍ ቁልፍ የለውም፤ ልሙጥ መስታወት ነው፤ የድምፅና የስክሪን ማስተካከያ ምልክቶቹ በብርሃን ይታያሉ እንጂ በጣት አይዳሰሱም።

ፈታኙ አንድ ደብዳቤ እያነበቡ ያስጽፉን ጀመር። ቁጥር ላይ ሲደርሱ የአዲሱ ጣት ትንሽ አለፈና መስታወቱን ነካ። ስክሪኑ ላይ ድምፅ የማጥፊያው ምልክት ብቅ ሲል አየሁ።

«ማሽኑ ዝም አለብኝ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለ።

«ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው» አሉ ፈታኙና ማንበባቸውን ቀጠሉ። ሦስተኛዋ ተፈታኝ ሳቀች።

መስታወቱን ወዲያ ወዲህ ዳበሰው፤ ያቺን ምልክት ግን ሳታት። በነካ ቁጥር ስክሪኑ ይጨልማል፣ ይበራል፤ እሱ ግን ይህንንም አያውቅም። ላብ አጠመቀው። የኔ እጅ ከዚያች ምልክት ስንዝር አይርቅም ነበር። አንዴ ብነካት ይበቃ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጽሑፌን ቀጠልሁ።

ስንወጣ ፈታኙን ስሰናበት ሰማኝና ድምፄን ተከትሎ ደረሰብኝ። «እህቴ፣ አጠገቤ ነበርሽ። ምን ነክቼ ነው?»

«አላየሁም» አልሁት።

ተቀጠርሁ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ተይቢ ብለው የሰጡኝ አዲሱ ስለ ፈተናው ላቀረበው አቤቱታ የተጻፈ መልስ ነበር፤ «ቅሬታዎ ተቀባይነት የለውም» የሚል። እሱ በተፈተነበት ላፕቶፕ አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍሁት።

ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ «አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። እስክጨርስ ሰማኝና፣ «ድምፅሽን አወቅሁት፤ ያን ቀን አጠገቤ የነበርሽው ነሽ። እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አፍራለሁ። ሥራውን ግን አልለቅም፤ ወንድሜ ቤት ተመልሼ መግባት አልችልም።

የሱ ማንበቢያ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ላፕቶፑ ላይ አለ። አንዳንድ ቀን ሳላስበው ይነሳና የምጽፈውን ጮክ ብሎ ያነብብኛል። ያኔ ጣቴን ወደዚያች ምልክት እሰድና ዝም አሰኘዋለሁ።