ለቱና ሳምቡሳ የሰጠሁት ምስክርነት

በረመዳን አጋማሽ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ባለሱቅ ደወለችልኝ። ገበያዋ በአንድ ፎቶ ምክንያት ቆሞ ነበር። አንድ ሰው ከሱቋ ጓሮ የተጣሉ የቱና ቆርቆሮዎችን አንስቶ፣ የታተመባቸውን ዶልፊን በቀይ ከቦ፣ «የምታበላን ይህንን ነው» ሲል በቴሌግራም በትኖታል። አገር ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚሳለው በውስጡ ያለው ነውና ሁሉም አመነ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲሠራ የሚውል ሕዝብ፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ለማንበብ አልደከመም።

«ጋሼ፣ የዓሣ ነገር የተማሩት እርስዎ ነዎት። መጥተው ይንገሩልኝ፤ ወላሂ ልዘጋ ነው።»

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ሕይወት ነው፤ የሥራ ዘመኔንም በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ሳጠና አሳልፌያለሁ። ከምኖርበት ሰፈር ከካፒቶል ሂል በአውቶቡስ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ማፍጠሪያ የሚጠብቁ ሹፌሮች ነበሩ። ባለሱቋ በቪዲዮ ልትቀርጸኝ ስልኳን ደቀነችብኝ።

«ቆርቆሮው ውስጥ ዶልፊን የለም» አልኩ። «ምልክቱ የሚለው፣ ቱናው ሲጠመድ ዶልፊን እንዳይገደል ጥንቃቄ ተደርጓል ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች።

«አልጨረስኩም። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ዶልፊን ብቻ ነው። መርከቦቹ ባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይጥላሉ፤ ከሥሩ ቱና ይሰበሰባል። ሻርኩም፣ ኤሊውም፣ ገና ያላደገው ቱናም አብሮ ይሰበሰባል። መረቡ ሁሉንም ከብቦ ያወጣል፤ የማይፈለገው ሞቶ ይጣላል።»

«ታዲያ ኤሊ አለበት ነው የሚሉን?» አለ አንዱ ሹፌር።

«ቆርቆሮው ውስጥ የለም አልኩህ! የሚሞተው ባሕሩ ላይ ነው።»

«ባሕሩን ማን ጠየቀዎት ጋሼ? እኛ የምንበላው ሳምቡሳውን!»

ሳቁ። እኔ ግን መግሪብ እስኪደርስ አስረዳሁ።

በማግስቱ ሳምቡሳው እንዳለቀላት ነግራኝ ቪዲዮውን ላከችልኝ። «ቆርቆሮው ውስጥ ዶልፊን የለም» እላለሁ፤ እዚያው ላይ ያበቃል።

«የቀረው ንግግሬስ?» አልኳት ደውዬ።

«የቀረው ገበያ ያባርርብኛል፣ ጋሼ።»

«ያልኩትን ቆርጠሽ ምስክር ልታደርጊኝ አትችይም። ወይ ሙሉውን አውጪ፣ ወይ ቱናውን ቀይሪ። አንድ በአንድ በዘንግና በመንጠቆ የሚጠመድ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል።»

በሳምንቱ ወደ ሱቋ ጠርታኝ በዘንግ የተጠመደውን አዲሱን ቆርቆሮ አቀበለችኝ፤ ስልኩንም እንደገና ደቀነች።

«አሁን እንኳ ‹ሲጠመድ ምንም ነገር አይነካም› ይበሉልኝ፤ ‹ግን› ሳይጨምሩ።»

መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። በዘንግ ሲጠመድ አብሮ የሚያዘው ጥቂት ነው። ሆኖም ቱናውን ለማባበል ትናንሽ ዓሣ ይጠመዳል፤ ምንም አይነካም ማለት አይቻልም።

«ከበፊቱ በጣም ይሻላል» አልኩ።

«‹ይሻላል› ተብሎ ሳምቡሳ ይሸጣል?»

«እውነቱ ይኸው ነው።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና አዲሱን ቆርቆሮ ከፍታ፣ ከሽንኩርቱና ከቃሪያው ላይ ገለበጠችው።