ግራ እጁን እንዳትነኩ

ሐኪሞች ሙሉ ቃል መናገር የሚያማቸው ይመስለኛል። አባቴን ይዤ ጅማ ስመላለስ፣ «ሲቪሲ፣ ኤቪኤፍ፣ ኤቪጂ» እያሉ አልጋው አጠገብ ሲነጋገሩ የመኪና ታርጋ የሚያነቡ ነበር የሚመስሉት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆኑ ግን የሚነግረኝ ጠፋ። በመጨረሻ አንዷን ነርስ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኳትና «ሳትነግሪኝ አታልፊም» አልኳት።

ሳቀች፤ ነገረችኝም። ሲቪሲ ኩላሊት ድንገት ሲከዳ፣ ደም ለማጠብ አንገት ላይ የሚተከል ቱቦ ነው። ኤቪኤፍ ክንድ ውስጥ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ሰፍቶ ማገናኘት ነው። ኤቪጂ ደግሞ የራስ ደም ስር እምቢ ሲል በመሃል የፕላስቲክ ቱቦ መቅበር። የአባቴ ኩላሊት ገና ጨርሶ ስላልቆመ፣ እጥበቱ ሳይመጣ ይዘጋጅ ብለው ግራ ክንዱን ኤቪኤፍ አደረጉት።

«በዚህ እጅ ግፊት አይለካ፣ ደም አይቀዳ፣ ሸክም አይያዝ፣ ጠባብ ነገር አይታሰር» አለችኝ። «ከተዘጋ ቀጣዩ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ከተገኘ።»

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ሱቃችን ተመለስን። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ላይ እጅ ሲያሳርፉ እንደ ስልክ ይነዝራል፤ ከነዘረ ደህና ነው። አባቴ ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ንካው እስቲ!» ይላል። ከስኳሩ ይልቅ ክንዱ ገበያ ደራለት። እኔም በየጠዋቱ ሳልነካው ሻይ አይወርድልኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ፣ ግራ አንጓው ላይ ቀይና ሰማያዊ ዶቃ ታስሯል፤ ጥብቅ ብሎ። አጠገቡ ከባሮ ዓሣ የሚያመጡልን አኝዋክ ሽማግሌ፣ የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ፣ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል።

«ሚስቴ ሠራች» አሉኝ። «የታመመ እጅ ባዶ አይሆንም።»

«አባ፣ አውልቀው!»

«ነውር ነው» አለኝ አባቴ በሹክሹክታ። «ሲሄድ አወልቀዋለሁ።»

«መቼ ሊሄዱ? ትናንት እራት በልተው አይደል የሄዱት!»

ሽማግሌው ሰሙ። ይስሙ።

ጠባሳውን ነካሁ። ዝም። ካርቶን የምንከፍትበትን መቀስ አንስቼ ክሩን ቆረጥኩት። ዶቃው ባንኮኒው ሥር ተበተነ፤ አባቴ ፊቱን በቀኝ እጁ ሸፈነ።

«እኔን ጠላሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አልጠላሁም፣ ጋሼ። ይሄ ደም ስር ከታነቀ ግን አባቴ አለቀለት። ይንኩት።» እጃቸውን ይዤ ጠባሳው ላይ አሳረፍኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ንዝረቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሽማግሌው እጃቸውን ነጠቁ፣ መልሰው አሳረፉ።

«ዓሣ አለ ውስጡ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ዶቃውን በጉልበታችን እየዳኽን አብረን ለቀምን። ሚስታቸው እንደገና ሰክተው ለአንገት አድርገው ላኩት፤ «አንገቱንም እንዳትቆርጪው» ከሚል መልእክት ጋር። አባቴ መስጊድ ሲሄድ ከሸሚዙ ሥር ይከተዋል።

ሽማግሌው አሁን ሱቅ ሲገቡ ሰላምታም አይቀድማቸውም። የያዙትን መሬት ያስቀምጡና የአባቴን ግራ ክንድ ይነካሉ።

«አለ» ይሉኛል። ከዚያ ይቀመጣሉ።