«ሌፍት» የሚለው ቃል

ነፃነት በመጣ ሰሞን አስመራ፣ ገጀረት ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣነው አብዛኞቻችን አገሩን እየለቀቅን ነበር።

አንድ ከሰዓት «ሌፍት» የሚለውን ቃል አስተማርኩ። «ብቻውን ሲሆን ሄደ፣ ‹ኢዝ› ሲቀድመው ግን ቀረ ማለት ነው» ብዬ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ አብረኸት ብድግ ብለው «ማይ ሀዝባንድ ሌፍት» አሉ።

ባላቸው ጎጃሜ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ጠጋ ብዬ፣ «አይዞዎት፣ ነገሩ ሲረጋጋ ይመለሳሉ» አልኳቸው።

«ኣይፋል፣ የለም መምህር! ‹ኢዝ›ን ረስቼ ነው» አሉ። «ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ከተሳፈረ በኋላ ወርዶ ቀረ።»

በመስኮት ስመለከት ባልየው ግቢው ውስጥ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው በለስ ይልጣሉ።