የምድር ቤቱ ደወል

እማማ ካውያ ያሏት ሙዚየሙን ሊጎበኙ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት አንድ በአንድ አልቀው፣ ዛሬ ዘበኛውም፣ ቲኬት ቆራጯም፣ የሙዚየሙ ኃላፊም እማማ ካውያ ነው የሚሏት።

ሙዚየሙ ድሮ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መኖሪያ ነበር። ላይ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ የእመቤቲቱ መኝታ ቤት፣ ከስር ደግሞ ልብስ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ምድር ቤት። እዚያ ምድር ቤት የገባችው ገና ልጅ ሳለች ነው። የመተኮሻው ጠረጴዛ አገጯ ድረስ ስለሚመጣ ከእግሯ ስር የሳሙና ሳጥን ያደርጉላት ነበር። ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመንገዱ እኩል ሆኖ በፍርግርግ የተዘጋ፣ ቢያዩበት ከአላፊ አግዳሚው ጫማ በቀር ምንም የማያሳይ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጫማው ነበር የምትለየው። የዳቦ ጋጋሪው ጫማ ዱቄት አያጣውም፤ የፖስተኛው የግራ ተረከዝ ተንሻፏል።

ሁሌ የተወለወለ ጫማም ነበር፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ጫማ። አንዳንድ ቀን ቁጢጥ ብሎ በፍርግርጉ አጮልቆ፣

«አንቺ፣ መቼ ነው የምትወጪው?» ይላታል።

«እመቤቴ ሲሻላቸው።»

እመቤቲቱ ግን አልተሻላቸውም፤ አልሞቱምም። እንዲሁ ሲያቃስቱ፣ ሲጠሩ፣ አንሶላ ሲያስለውጡ ዓመቱ ነጎደ። የተወለወለው ጫማ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ቀረ። በኋላ አንድ ቀን ታኮ ካለው የሴት ጫማ ጎን ለጎን ሲያልፍ አየችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ካውያዋን አነሳች።

እመቤቲቱ ሲሞቱ ወራሾቹ ቤቱን ለከተማው ሰጡ፤ «ከነዕቃው» ብለው። እሷም ከዕቃው ጋር ቀረች። መሄጃ አላት ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ተማሪዎች የመጡት። የከተማቸውን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው እየነኩ ይማሩ ተባለ። ላይ ሳሎን ሲሆኑ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ወንበሩን በዓይናቸው ብቻ ያያሉ። ታች እሷ ጋ ሲወርዱ ግን ይለቀቃሉ። ውሃ ይረጫሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው አንሶላ ወጥረው ያጥፋሉ፤ ሁልጊዜ አንዱ ተንኮለኛ ጫፉን ይለቅና ጓደኛው በቂጡ ይቀመጣል። ከዚያ የከሰል ካውያውን ተራ በተራ ያነሳሉ።

«እማማ ካውያ፣ ይሄ ሶኬቱ የታለ?» አላት አንዱ አንድ ጊዜ።

«በትንፋሽ ነው የሚሠራው። ጎንበስ በልና እፍ በልበት።»

እፍ ቢልበት አመዱ ፊቱ ላይ ቦነነ። ልጅ ምኑ ይከፋዋል፣ እንደ ሽማግሌ ሸብቶ እየሳቀ ሄደ።

ችግሩ ደወሉ ነው። ከምድር ቤቱ በር በላይ የነሐስ ደወል አለ፤ ሽቦው ጣራውን በስቶ ሳሎን ካለው የመጥሪያ ገመድ ጋር ይገናኛል። ከሳሎኑ ዕቃ ይህን ገመድ መሳብ ብቻ ለልጆች ተፈቅዷል። ደወሉ በጮኸ ቁጥር እሷ ብድግ ትላለች። ተቀምጣ እየተረከችላቸው ቢሆን፣ ውሃ አፏ ውስጥ ቢሆን፣ እግሯ ሳያማክራት ይነሳል። ልጆቹ የትምህርቱ አካል መስሏቸው «ድጋሚ! ድጋሚ!» ይላሉ። ላይ ያለው ይስባል፣ ታች ያለው ያጨበጭባል፣ እሷ ትነሳለች።

ታናሽ እህቷ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«እትዬ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀባሁልሽ እኮ! መስኮቱም እንዳንቺ ምድር ቤት አይደለም፤ ሰፊ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ኃላፊዋን ልጠይቅና።»

«አምናም ኃላፊዋን ልጠይቅና ነው ያልሽው! እኔ ዓይኔ እየሄደ ነው፤ ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል። ያንቺን ፊት ሳላይ ልታወር ነው? ሰው ለእህቱ ፊት ይነፍጋል?»

ሰኞ ደግሞ ኃላፊዋ ዘንድ ትገባለች። ኃላፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ጣጣው እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ተጣልታት ትወጣ ነበር። እጇን ይዛ፣ «እማማ፣ እርስዎ ከሄዱ ያ ክፍል ባዶ ጠረጴዛ ነው። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ብቻ» ትላታለች። ትምህርት ቤት ይዘጋል። «አዲሶቹ ተማሪዎች አንዴ ይዩዎት እንጂ» ትላለች። ይከፈታል። እንዲህ ነገ ዛሬ ሲባል የእህቷ ድምፅ በስልክ እየቀጠነ ሄደ።

አንድ ቀን ታዲያ ቀልድ የሚወድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ኃላፊዋም ባለችበት፣

«ዛሬ ነገሩን እንገልብጠው!» አለ። «ልጆች ሠራተኛ ይሁኑ፤ እማማ ካውያ ደግሞ እመቤት!»

ምድር ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ፀጉሯን በሪባን ያሰረች ልጅ ካውያውን ተረክባ ታች ቀረች። የቀሩት እማማ ካውያን እየገፉም እየጎተቱም ሳሎን አወጧት። ኃላፊዋ በራሷ እጅ የወንበሩን መከለያ ገመድ አነሳችላት።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ይደገፉ እንጂ እመቤቴ!» አለ መምህሩ።

አልተደገፈችም። ያንን ሳሎን የምታውቀው የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ስታልፍ ነው። የመጥሪያውን ገመድ ሰጧት። ደወሉን ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች፤ ገመዱን ግን ነክታው አታውቅም። ከእጅ ብዛት ልስልስ ብሏል። ሳብ አደረገችው። እንዴት ቀላል ነው! ሁለት ጣት እንኳ አይፈልግም።

ታች ደወሉ ጮኸ።

«አቤት!» አለች እማማ ካውያ።

ራሷ ጠርታ ራሷ አቤት አለች። ማለቷም ሳያንስ፣ ተነስታ ወደ ደረጃው ገሰገሰች። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ፤ መምህሩ ዓይኑን ጠረገ። ኃላፊዋም መሳቅ ጀምራ ነበር፤ የአሮጊቷን ፊት ስታይ ግን እጇ አፏ ላይ ቀረ።

ባለ ሪባኗ ልጅ እያለከለከች፣ አፍንጫዋ አመድ ነክቶት፣ ደረጃው አፍ ላይ ግጥም አለች።

«አቤት እመቤቴ!» ብላ እመቤቷን ቆማ ብታገኛት ግራ ገባት። «እንዴ! አሁን እርስዎ ነዎት የጠሩኝ ወይስ እኔ ነኝ የጠራሁዎት?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። በይ ሂጂ ተጫወቺ።»

ወደ ኃላፊዋ ዞረች። ሁልጊዜ «ብሄድ ምን ይመስልሻል?» ብላ ነበር የምትጀምረው።

«እህቴ ጋ ልሄድ ነው» አለቻት።

«መቼ እማማ?»

«ከሰሉን ላጥፋና።»

«ትምህርት ቤት እስኪ...» አለችና ኃላፊዋ የቀረውን ዋጠችው።

ወረደች። ፍሙ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ካውያውን ጠርጋ አፉን ከፍታ አስቀመጠችው፣ ዝገት እንዳይበላው። የረባ ጓዝ አልነበራትም።

አውቶብስ ውስጥ መስኮት ጋ አስቀመጧት። ከላይ ሆና የሰውን አናት ታያለች፤ ኮፍያ፣ ራሰ በራ፣ የተሸከመ፣ ያልተበጠረ። ጫማ ፈለገች፤ አይታይም። ትንሽ እንደሄዱ የሚወርድ ሰው ደወል ነካ። ብድግ አለች፤ የልብስ ጥቅልሏ ከጭኗ ወደቀ።

«ወራጁ ሌላ ነው እማማ፣ ይቀመጡ» አለቻት ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ጥቅልሉን አንስታ። «እርስዎ የት ነዎት?»

«እህቴ ጋ፤ መጨረሻው ላይ ነው ብላኛለች።»

«ታዲያ ገና ነው።»

ተቀመጠች። ደወሉ እንደገና ሲጮህ እንደገና ተነሳች። በሦስተኛው ሴትዮዋ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት፤ እስክትወርድም እጇን አላነሳችም።

አሁን የምትኖረው እህቷ ዘንድ ነው። ክፍሉ እንደተባለው ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮቱም ሰፊ ነው። እህቷ በዓይኗ ጠርዝ በኩል ገና ትንሽ ታያለች፤ ብርሃን ሲኖር። ግን ማንኪያ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ የጎረቤት ልጅ የብስክሌት ቃጭል ሲያንቃጭል፣ እማማ ካውያ እስከዛሬ ብድግ ትላለች።

«ምን ፈለግሽ እትዬ?» ትላለች እህቷ ወደ ጥላዋ ዞራ።

«ምንም» ትላታለች። «ፊቴን እንድታዪው ብዬ ነው።»

አንዴ ተነስታለችና፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ብርሃኑ ላይ ትቆምላታለች።