ከነዓናዊው ቤታችን የገባ ጊዜ

ውሻ ስለመምረጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እመክራለሁ። ዓይኑን አይታችሁ አትምረጡ። ልጄ የመረጠችው ዓይኑን አይታ ነው። ወታደር ናት፤ አንድ ሐሙስ ለእረፍት መጥታ በማግሥቱ ጠዋት ከጓደኛዋ ጋር የውሾች መጠለያ ሄደች። ስትመለስ ገመድ ይዛለች፤ በገመዱ ጫፍ ጆሮው የቆመ፣ ጭራው የተጠቀለለ፣ አሸዋ የመሰለ ውሻ አለ። "ኢማ፣ እስቲ ዓይኑን እዪው" አለችኝ፤ ኢማ እማዬ ማለት ነው። እሁድ ጠዋት እሷ ወደ ጦር ሰፈሯ ተመለሰች። ዓይኑም የቀረው አካሉም እኔ ዘንድ ቀረ።

አባቴ ያኔ እኛ ጋ ነበሩ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ገና ማገገማቸው ነው። የእሳቸው ቤት አራተኛ ፎቅ፣ የእኔ ምድር ቤት ስለሆነ፣ እስኪሻላቸው ብዬ በግድ አመጣኋቸው። ኦሪትን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ አንዴ ከተናገሩ የማያጥፉ ሰው ናቸው። ውሻውን ከእግሩ እስከ ጆሮው ተመለከቱና ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ። ልጄ "ከነዓኒ ነው፣ አባባ" አለቻቸው።

"ከነዓናዊ?" አሉ አባቴ፣ ወደ እኔ ዞረው። "ሙሴ ያን ሁሉ መንገድ የመራን አንቺ ከነዓናዊ ሶፋ ላይ እንድታስቀምጪ ነው?"

ከነዓኒ የሚባለው የዚሁ የእስራኤል አገር የበረሃ ውሻ ነው። ብልህ ነው፣ ቤት ይጠብቃል፣ እንግዳ አይወድም፣ ይጮሃል። የእኛው ግማሹ ብቻ ከነዓኒ ነው አሉን፤ ሌላው ግማሽ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጩኸቱ ግን ሙሉ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ምክሬ፦ ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት ቀኑን ሙሉ እቤት የሚውለው ማን እንደሆነ አስቡ። እኔ ቢሉ ሴንተር የሚባለው የገበያ ማዕከል አንሶላና ብርድ ልብስ ስሸጥ ነው የምውለው። እቤት የሚውሉት አባቴ ናቸው።

የውሻው ትልቁ አመል ሰው ላይ መዝለል ነበር። እኔ ላይ ሲዘል ልብሴ ቆሸሸ፣ አበቃ። አባቴ ላይ ሲዘል ግን አዲስ ጉልበትና ከዘራ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ደረታቸው ላይ ወጥቶ ወደ ሶፋው ጣላቸው። ሶፋው ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

አባቴ ተነሱ፣ ሸሚዛቸውን አራገፉ፣ ነስ ጺዮና ለሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ። "የሚመጣው አርብ መጥተህ ውሰደኝ" አሉት። ከዚያ ለእኔ፣ "ወይ እሱ ወይ እኔ ብዬ አላስመርጥሽም። እኔው እሄዳለሁ።"

ያቺ ንግግር ገደለችኝ። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሰሞን አብረን ኖረን አናውቅም ነበር። ውሻውን ልመልስ ብል ልጄ በስልክ ታለቅሳለች። በዚያ ላይ ሐበሻ የሚበዛበት ክርያት ሞሼ ሰፈር ነው ያለሁት። እኛ ሰፈር ወሬ አውቶቡስ አይጠብቅም። "አባቷን አስወጥታ ውሻ አስቀመጠች" የሚለውን ለመስማት አትክልት ቤት መሄድ ይበቃኛል።

በሥራ ባልደረባዬ በኩል አንዲት አሠልጣኝ አገኘሁ፤ ወገቧ ላይ የተቆራረጠ ናክኒክ፣ ማለትም ቋሊማ፣ የሞላ ቦርሳ የታጠቀች ወጣት ሴት። ትምህርቷ ቀላል ነው። ሲዘል በእጃችሁ አትግፉት፣ መገፋት ለእሱ ጨዋታ ነው። ጀርባ ስጡት፣ ዓይኑንም አትዩት። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ያኔውኑ "ቶቭ" በሉና ቁራጭ ናክኒክ ስጡት። ቶቭ በዕብራይስጥ ጥሩ ማለት ነው። ከዘገያችሁ ስለምን እንደተመሰገነ አይገባውም።

በሁለት ቀን ከእኔ ጋር ሰው ሆነ። ከአባቴ ጋር ግን ጭራሽ ባሰበት። እሳቸው ከክፍላቸው ብቅ ሲሉ ካለበት ተስፈንጥሮ ይመጣል፤ ሲቆጡት ደስታው ይጨምራል። አባቴ "ይሄ ፍጡር ጠልቶኛል" አሉ። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

ረቡዕ አሠልጣኟ ተመልሳ መጣች፤ አባቴ እንዲወጡና እንደ ወትሮው እንዲሆኑ ጠየቀች። ወጡ። ውሻው ዘለለ። አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ ደግፈው "ተው፣ ተው፣ ተው አልኩህ" አሉ። ውሻው አየር ላይ ነበር።

አሠልጣኟ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። "ላማ ሁ ኦሜር ሎ ቶቭ?" ለምንድን ነው ለውሻው ጥሩ የሚሉት ማለቷ ነው።

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ከገባኝ በኋላ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባቴ ተው ሲሉ ውሻው የሚሰማው ቶቭ ነው። ምስኪኑ ቀኑን ሙሉ ሲመሰገን ሰንብቷል። ምስጋናው እየመጣ ናክኒኩ ስለቀረበት፣ ይበልጥ ብዘል ይሰጡኝ ይሆናል ብሎ አስቧል።

"ቃል መቀየር አለብን" አልኳቸው፣ ሳቄን እያፈንኩ። "ተይ ቢሉትስ፣ አባዬ?"

"ወንዱን ተይ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ አላወራንም።

አሠልጣኟ ቃሉ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ ጩኸት ይቅር አለች። "ሼይደበር ኢቶ በካቮድ፣ ቤሰደር?" እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ "በአክብሮት ያናግሩት ትላለች።"

አባቴ አሠልጣኟን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ውሻውን አዩ። "በአክብሮት" አሉ። "ይህ ብቻ ነበር የቀረን።" ጎንበስ ብለው፣ ትልቅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው መዳፋቸውን ወደ ወለሉ ዘርግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይቀመጡ፣ ጌታው" አሉ።

ውሻው ተቀመጠ።

አሁን ሳስበው ሁሉም በደንቡ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅ ቦታውን የሚያሳይ፣ ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር የማይምታታ። ያኔ ግን ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። አሠልጣኟ ናክኒክ አቀበለቻቸው። "ኮሸር ነው?" ብለው በሕጉ የተፈቀደ መሆኑን ጠየቁ። ነው ስትላቸው፣ ለሹፈት ቀኝ እጃቸውን በግራ ደግፈው ሰጡት።

"አርብ ግን እሄዳለሁ" አሉኝ ወዲያው። "የተናገርኩትን አላጥፍም።"

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ድምፃቸውን ከጓሮ ሰማሁ። "ይነሱ። ይከተሉኝ። ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እኔ እንደ እርስዎ እግር የለኝም።" በሩ ላይ ቆሜ ብዙ አዳመጥኩ። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም፤ ነገ ሻንጣ ይዘው እንደሚሄዱ አውቃለሁና።

አርብ ከቀትር በፊት አጎቴ መጣ። ወፍራም፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ታላቅ ወንድሙን በጣም የሚፈራ ሰው ነው። አባቴ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። አጎቴ እግሩን ሲያስገባ ውሻው ለመዝለል ተዘጋጀ። አባቴ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ "ይቀመጡ" አሉ።

አጎቴ በሩ አጠገብ ባለችው ጫማ ማውለቂያ በርጩማ ላይ ዱብ አለ።

ውሻውም አጠገቡ ተቀመጠ። ቁመታቸው እኩል ሆነ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው አባቴን ያያሉ። የአጎቴ ዓይን እንባ ሞልቷል። "ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን አንተ ሲሉኝ ኖረው ዛሬ አንቱ አሉኝ። ለዚህ ቀን ደረስኩ?"

አባቴ ናክኒክ ፍለጋ ኪሳቸው የከተቱት እጅ እዚያው ቀረ። ወንድማቸውን አዩ፣ ውሻውን አዩ። ለውሻው ነው ያልኩት እንዴት ይበሉ። እኔ የሻርፔን ጫፍ ነክሻለሁ።

"እንግዲህ አርጅተሃል" ብለው ጀመሩና አረሙት። "አርጅተዋል። ሲያንስዎ ነው።" ከዚያች ቀን ጀምሮ አጎቴ አንቱ እንደተባለ አለ።

አጎቴ አፍንጫውን ጠርጎ ተነሣ፣ የሻንጣውን እጀታ ያዘ። "ያላ፣ እንሂዳ ጋሼ።"

"ይቀመጡ ብያለሁ እኮ" አሉ አባቴ። "ምሳ በልተው ይሄዳሉ። እኔ ጉልበቴ መኪና አይችልም ዛሬ።" ወደ እኔም ሳይዞሩ፣ "አንቺ፣ ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሺው" አሉኝ። ቤቱ ውስጥ አንቺ የምባለው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ሻንጣውን ክፍላቸው ወስጄ ሸሚዞቻቸውን ልሰቅል ከፈትኩት። ከላይ፣ በፎጣቸው በጥንቃቄ ተጠቅልሎ፣ የውሻው ውሃ መጠጫ ሳህን አለ። ከሥሩ ገመዱ ተጠቅልሏል። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሊሄዱ ነበር። ብቻቸውን ግን አልነበረም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ሳህኑን አውጥቼ ውሃ ሞላሁበት፤ ሻንጣው ውስጥ ያገኘሁትንም ነገር ለአባቴ አላነሳሁም።