በመቃብር አፍ የተተወ ክስ

ጂንካን በዛሬ መልኳ ብቻ የሚያውቃት ሰው፣ በከተማዋ እምብርት ላይ ላሞች የሚግጡበት የአውሮፕላን ሜዳ ነበረ ቢሉት ጨዋታ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ሜዳው ሣር ነበር። ከብቱም፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ ከገበያ የሚመለሰው መንገደኛም የራሱ አድርጎት ይውላል። ታዲያ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከተራራው ጀርባ መሰማት ሲጀምር አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ፊሽካውን እየነፋ ከሜዳው ጫፍ ይነሣና ሁሉንም ጠራርጎ ያስወጣል። ያ ሰው ደገፋ ይባል ነበር፤ የአስካለ ባል ነው።

አስካለ ከላይ ከአሪ መንደር ወርዳ ደገፋን ያገባችው በ1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። አማቷ ለሙሽሮቹ ከሜዳው ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ሰጧቸው። ሁለቱም ጉልበታቸውን ሳይሰስቱ ጎጆ ቀለሱ፣ እንሰት ተከሉ፣ አቮካዶና ቡና አጸደቁ። ከብቱ ሲበዛበት እሷም ነጠላዋን እያውለበለበች ትሮጥለት ነበር። ማታ ደገፋ፣ «ዛሬስ አብራሪው አንቺን ሊያይ ብሎ ነው የዞረው፤ እኔ ምን አገባኝ» ይላታል። እሷም፣ «እንዲያውስ ከሆነ ደመወዙን ለእኔ ይክፈሉኝ» ትለዋለች።

ልጅ ግን አልቆመላቸውም። የመጀመሪያዋ ስም ሳይወጣላት ሞተች። ሁለተኛውም አርባ ቀኑን አላየም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጨቅላ በጓሮ ይቀበር ስለ ነበር፣ ሁለቱንም ከአቮካዶው ሥር ጎን ለጎን አኖሯቸው። አስካለ ሁለተኛውን በቀበረች ሰሞን የደገፋ ታናሽ ወንድም የኤርጎ ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳ ወተት አጣች። ኤርጎ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አስካለ መጣ። ቆሞ የሚናገረው ጠፍቶት ሲንተባተብ እሷ ቀድማ እጇን ዘረጋች። ያ ሕፃን አሌክስ ነው። ጡት እስኪተው ድረስ ከእሷ ጉያ አልወጣም፤ ካደገም በኋላ እናቱን «እናቴ»፣ አስካለን ደግሞ «እማ» ይላት ነበር።

ዓመታት አለፉ። ደገፋ ታሞ አልጋ በያዘበት ወራት ቀበሌው መሬት ሊለካ መጣ። ኤርጎ፣ «ወንድሜ ተኝቷል፤ ለቤተሰቡ እኔ ልቁም» ብሎ ቆመ፤ መሬቱም በእሱ ስም ተመዘገበ። ማንም ቅር አላለውም። በወንድማማች መካከል የእኔ ያንተ መባባል ያሳፍር ነበር። ደገፋ ሞተ፤ ፊሽካው ከአስካለ ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ከጊዜ በኋላ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራና አሮጌው ሜዳ ጸጥ አለ። በሜዳው ዳር ያለ መሬት ሁሉ ግን ተፈላጊ ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኤርጎ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው አጥሩን በእርምጃ ሲለካ አስካለ ከእንሰቷ መካከል ቀና አለች።

«ኤርጎ፣ ምን ጠፍቶበት ነው?»

«አስካለ፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ይህ ሁሉ ጓሮ ምን ያደርግልሻል? እኔ ዘንድ መጥተሽ አንድ ክፍል ትይዣለሽ።»

«ብቻዬን አይደለሁም» አለችና ወደ አቮካዶው አየች።

ኤርጎም ያየችበትን ያውቃል። ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ አሌክስ ባጃጁን ከደጇ አቁሞ፣ «እማ፣ ልበሺ፤ ክስ ልንመሠርት ነው» አላት። ይዟት የሄደው ድሆች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ወደሚያገኙበት ማእከል ነበር። ከጠባብ ጠረጴዛ ጀርባ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ኢየሩሳሌም ትባላለች፤ አያቷ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ፣ አባቷ ከገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት።

«ጠበቃዋ የታለች?» አለች አስካለ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ማለቴ… ጠበቃ እንኳ አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ። በፌሎሺፕ ነው የምሠራው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሳይበስል የተቀጠፈ ጠበቃ ማለት ነው» አለ አሌክስ። «ለዚህ ነው በነፃ የሚሰጡን።»

ኢየሩሳሌም ሳቋን ለማፈን እየታገለች፣ «ተመርጠን ዓመቱን ሙሉ አቅም የሌላቸውን እናግዛለን። ክሱን እኔ እጽፋለሁ፤ መምህሬ ያየዋል። ችሎት ላይ ግን መናገር አይፈቀድልኝም፤ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት» አለች። ወደ አሌክስም ዞር ብላ፣ «አንተስ ምናቸው ነህ?» አለችው።

«ልጇ ነኝ። የተከሳሹም ልጅ ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባትህን ለመክሰስ ነው የምታመላልሳቸው?»

«አባቴንም እኮ አመላልሰዋለሁ። እሱን ግን አስከፍለዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ቤተሰብ ሆኑ ማለት ይቻላል። ኢየሩሳሌም ከትምህርት ስትወጣ ወደ ጓሮው ትመጣለች፤ አስካለ የጎመን ወጥና ቂጣ ታቀርብላታለች። አንድ ቀን ልጅቱ አቮካዶው ሥር ልትቀመጥ ስትል አስካለ ክንዷን ይዛ ወዲያ አስቀመጠቻት። ምክንያቱን ስትሰማ ኢየሩሳሌም ምግቡን አልጨረሰችም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የመሬት ጉዳይ አልሆነላትም።

ፍርድ ቤቱ መሬቱ ከፍርድ በፊት እንዳይሸጥ አገደ። ምስክር ለመስማትም ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ሰጠ። ዋናው ምስክር አሌክስ ነበር፤ አያቱ በሞት አልጋቸው ላይ፣ «የሜዳ ዳሩ የደገፋና የአስካለ ነው» ሲሉ ከአጠገባቸው ሆኖ ሰምቷል። ኤርጎ ከችሎት ሲወጣ ኢየሩሳሌምን አየና ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ትምህርቷን ሳትጨርስ ቤቴን ልትጨርስ!» አለ። አሌክስ ባጃጁን አስነሥቶ፣ «አባዬ፣ ዝናብ መጥቷል፤ ግባና ላድርስህ። ለዛሬ በነፃ» አለው። ኤርጎ ሰማዩን አየት አድርጎ ገባ። አስካለ፣ ኢየሩሳሌምና ኤርጎ በአንዲት ባጃጅ ታጭቀው ወደ ሰፈር ተመለሱ።

ምስክሩ ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው አሌክስ ከአልዱባ ገበያ ሰው ሊያመጣ ወርዶ ሲመለስ፣ ዝናብ ባራሰው ጠመዝማዛ ላይ ባጃጁ ተገለበጠች። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። እሱ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ኢየሩሳሌም እያለቀሰች ስትመጣ አስካለ ደጃፏ ላይ ፀጉሯን ገልጣ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ወደ ልቅሶው ይሄዳሉ?»

«ጡቴን የጠባ ልጅ ሞቶ የት ልሄድ ኖሯል?»

«ይሂዱ፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ። ግን ስለ ክሱ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ። እባክዎን! ማንም ቢጠይቅዎት ዝም ይበሉ።»

አስካለ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቱ ጂንካ ተወልዳ ጂንካ ብታድግም፣ የላይኛው መንደር ሰው ሙታኑን እንዴት እንደሚሸኝ አታውቅም።

በእነ አስካለ መንደር፣ በኤርጎም ወገን ዘንድ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር የተጣላ ሰው ጠቡን ሳይተው በመቃብሩ ላይ አፈር አያለብስም። የጸሎት ቤቱ መጋቢ ጸልየው ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ ይነሡና፣ «ከዚህ ቤት ጋር ነገር ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያለው ሰው እርጥብ የእንሰት ቅጠል ከሁለት ቀዶ ወደ ጉድጓዱ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያን ነገር ያነሣ እንደሆነ መቃብሩን እንደቆፈረ ይቆጠራል።

በቀብሩ ዕለት ጥያቄውን የጠየቁት ጋሽ አንጁሎ ነበሩ።  ወደ አስካለ ላለማየት ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ዝም ብትል ማንም አያስገድዳትም፤ ግን ዘወር ብላ መቆም፣ ልጇ አፈር ሲለብስ ከሩቅ ማየት ይሆናል ዕጣዋ። ኢየሩሳሌም ከኋላ ነጠላዋን ያዝ አደረገቻት። አስካለ የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ በቀስታ አላቀቀችና ወደፊት ሄደች። ቅጠሉን ቀደደች። ጣለችው። በሁለት እጇ አፈር ዘግና፣ «ና እንግዲህ፣ የኔ ልጅ» አለች።

ኤርጎ ይህን ሲያይ ወደ እሷ ሄደ። አንገቷ ሥር ተወሽቆ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ በጆሮዋ፣ «ይቅር በይኝ። ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ ማንም አይነካሽም» አላት። በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር። አስካለ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን አትጠራጠርም።

ግን ጥቁር መነጽር ላደረገው ገዢ ቃል ሰጥቶ ነበርና ሰውየው አላረፈም። ኤርጎም ሚስቱ ቀድማ በሞተችበት ባዶ ቤቱ ሲያድር ሲነሣ ሐዘኑ እየደረቀ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «ልጄ ከሞተ ለማን ልተወው?» ማለት አበዛ። በቀጠሮው ቀን ጋሽ አንጁሎን ይዞ ቀረበና፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ታርቀናል፤ ክሱ ይዘጋልኝ» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እውነት ነው?»

«ታርቀናል፣ ጌታዬ። ቤትሽ ቤትሽ ነው ብሎኛል።»

«አቶ አንጁሎ፣ እንዲህ ሲባል ሰምተዋል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጡ። ሊዋሹ አልፈለጉም፤ ሊጎዷትም አልፈለጉም። «በመቃብር አፍ ስለ መሬት አይነሣም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እኔ ያየሁት ቅጠሉን መጣሏን ነው።»

«ሌላ የሰማ ሰውስ?»

«በጆሮዬ ነው የነገረኝ» አለች አስካለ።

ዳኛው ወደ ኤርጎ ዞሩ። ኤርጎ ጫማውን እያየ፣ «ሰው በልቅሶ ላይ ብዙ ይላል። ያልኩትን አላስታውስም» አለ።

ችሎቱ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ኢየሩሳሌም ከኋላ ብድግ ብላ ነበር። መናገር እንደማይፈቀድላት ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ዳኛው አዩዋት፤ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እማማ፣ በደንብ ይስሙኝ። በግድ የሚዘጋ ክስ የለም። እቀጥላለሁ ካሉ እቀጥላለሁ ይበሉ፤ እግዱም ይቆያል፣ ምስክርም እንሰማለን። ተውኩት ካሉ ግን እግዱን አነሣለሁ። የትኛው ነው?» አሉ።

አስካለ ዞር ብላ ልጅቱን አየቻት። ኢየሩሳሌም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን እየነቀነቀች ትለምናታለች፤ «እቀጥላለሁ ይበሉ፣ እቀጥላለሁ ይበሉ» የሚሉት ከንፈሮቿ ይነበባሉ። አስካለ አቮካዶውን አሰበች። ቀጥሎ አሌክስ ደረት ላይ የወደቀውን ቅጠል አሰበች፤ እስካሁን አልደረቀ ይሆናል።

«ትቻለሁ፣ ጌታዬ» አለች።

ውጭ ከዋርካው ሥር ኢየሩሳሌም መንገደኛ ሳታፍር አለቀሰች። «ለምን? እየዋሸ መሆኑን ያውቃሉ እኮ! እንደገና እንጽፋለን፤ መምህሬን አነጋግራለሁ። ሁለቱ ልጆችዎስ? እነሱን ለማን ነው የሚተዉት?»

አስካለ በነጠላዋ ጫፍ የልጅቱን ፊት ጠረገችላት።

«እነሱን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ፤ አሌክስንም እኔ ነኝ። ለሁለቱ ብዬ የእሱን ልቆፍርልሽ፣ ልጄ? የትኛው እናት ነው እንዲህ የሚመርጠው?»



ሰኔ ላይ የፌሎሺፑ ጊዜ አለቀ፤ እሷም ለሥራ ልምምድ ወደ አርባ ምንጭ ተመደበች። ልትሰናበት የመጣችበት ጠዋት አፈር ዛቂው ሎደር ከአጥሩ ገብቶ ነበር። ጎጆዋ ፈርሳለች። አስካለ የጸሎት ቤቷ ሰዎች ወደ ተከራዩላት ክፍል ዕቃዋን ልካ፣ በእጇ አንድ ከረጢት ብቻ ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች። ኤርጎ ከገዢው መኪና ውስጥ ተቀምጧል፤ አልወረደም።

አጥሩ ስለ ፈረሰ ከአሮጌው ሜዳ የመጡ ላሞች ዘው ብለው ገቡ። አንዷ ቀይ ላም አቮካዶው ሥር ሄዳ፣ ሁለቱ ከተኙበት ቦታ ላይ ቆማ መጋጥ ጀመረች። አስካለ ከረጢቷን ከፈተች፤ የደገፋን ፊሽካ አወጣች፤ እንደ እሱ ሳንባዋ እስኪጎድል ነፋችው።

ላሞቹ ሮጡ። የሎደሩ ሾፌርም ፊሽካውን የቁም ምልክት መስሎት ሞተሩን ድንገት አጠፋ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን አወረዱ። ገዢው ከመኪናው ብቅ አለ። ሜዳው በሙሉ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል እንደሚሆነው፣ ጭጭ አለ።  ኤርጎ በመኪናው መስተዋት ውስጥ ቀና ሲል ከአስካለ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«እማማ፣ ምነው? ሰው አለ እንዴ ከሥሩ?» አለ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ።

አስካለ ፊሽካውን ከከንፈሯ አወረደች። ኤርጎን አየች፤ እሱ መልሶ አቀረቀረ።

«ላሟን ነው፣ ልጄ። ሥራህን ቀጥል» አለችና የኢየሩሳሌምን እጅ ይዛ ወደ መንገዱ ዞረች። ሞተሩ ከኋላቸው ሲነሣ ልጅቱ ዘወር ልትል ስትል አስካለ እጇን ጠበቅ አደረገችባት።